ፋታ የማይሰጥ መምህር

እኔ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት በ1997 ዓ.ም. በመቀሌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ አዲስ መምህር ሥራ ጀምሮ ነበር። ደመወዝ አይጠይቅም፤ አይታመምም፤ አያረፍድም። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል። አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅማና ሁመራ ያሉ ተማሪዎች ከእኛ ጋር በአንዲት ደቂቃ አንዲቱን ትምህርት ከእርሱ ይሰማሉ። የተነሳ እጅ ማየት ግን አይችልም ነበር። ስሙን ፕላዝማ አልነው።

ፕላዝማ የስክሪኑ አሠራር መጠሪያ እንደ ሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በእኛ አፍ ግን ቃሉ መሣሪያውንም፣ ትምህርቱንም፣ አስተማሪውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ያዘ። «ዛሬ የፊዚክስ ፕላዝማ አለን» እንል ነበር፤ «ፕላዝማው አለፈን» እንል ነበር፤ ሲከፋን ደግሞ «ፕላዝማው አልገባኝም» እንላለን፣ ሰው እንደምናማ ሁሉ። ስለዚህ መምህር በዘመኑ ብዙ ተብሏል። ወጪው ተቆጥሯል፣ ዓላማው ተወድሷል፣ ውጤቱ ተተችቷል። ውድ አንባቢ፣ እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት አንድ ነገሩን ብቻ ነው፤ የክፍሉ ሰዓት በማን እጅ እንደ ነበር። ይህን ለማየት ደግሞ ከፕላዝማ በፊት የነበረውን ረጅም መንገድ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መናገሻቸው አድርገው ቤተ መንግሥታቸውን ባሠሩበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በከተማዋና በዙሪያዋ ያለ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በየኔታ ደጅ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የጋራ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። አንዱ ልጅ ሀሁ ላይ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው አቡጊዳውን ያወርዳል፤ ሌላው የዮሐንስን መልእክት ጀምሯል፤ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይጮኻል፤ ለእንግዳ ጆሮ ሁካታ ነው። የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የተሳሳተችውን አንዲት ፊደል ለይተው ይሰማሉ። ልጁ የያዘውን ሳያጠራ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ግዕዝ ንባቡ ሳይጠና ውርድ ንባብ፣ ውርዱ ሳይጠና ቁም ንባብ የለም። ስድስት ወር የፈጀበትም ዓመት የፈጀበትም ልጅ በዚያው በር ያልፋሉ። በቁርኣን ቤትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ልጁ በእንጨት ሎሑ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ሳይወጣ ሎሑን አያጥብም።

ያንን ትምህርት ቤት ማሞገሴ አይደለም። ዱላው ብዙ ነበር፤ ሴት ልጅ የምትገባበት በር ጠባብ ነበር፤ ከቃል ጥናት ወደ ማስተዋል ሳይሻገሩ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ሰዓቱ የተማሪው ነበር። የሰሌዳው ስፋትና የየኔታ ጆሮ ለዚያ ሰዓት ተገዢዎች ነበሩ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳውንና ጠመኔውን ይዞ መጣ፤ ደወሉንም አስከትሎ። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ደወል ማለት በገመድ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሂሳቡ ገባህም አልገባህም ጂኦግራፊ ይጀመራል። ሰዓቱ ከተማሪው እጅ ወጥቶ ወደ መምህሩና ወደ ደወሉ ተሻገረ ማለት ነው። ሆኖም በሁለት ደወሎች መካከል ያለችው ጊዜ የመምህሩ ናት። ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ሊደግም፣ ዝም ብሎ የልጆቹን ዓይን ሊያነብ ይችላል። ጠመኔ ከሁሉ መሣሪያ ይልቅ ታዛዥ ነው፤ እጅ ሲቆም ይቆማል።

ከዚያ ሬዲዮው ተከተለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቴሌቪዥንም ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ርቆ አይሄድምና ለመቀሌ ልጅ ወሬ ብቻ ነበር። ለእኛ ከተማ ትርጉም የነበረው ሬዲዮ ነው። የትምህርት ሬዲዮ ጣቢያዎች በየክፍለ አገሩ ሲተከሉ መቀሌም ጣቢያ ካገኙት ከተሞች አንዷ ሆነች። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት በአገር አቀፍ ዘመቻ ሲታወጅ ትግርኛ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበረ፤ ሬዲዮውም የዘመቻው አጋር ሆነ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ደግሞ ጦርነት ነበር። በዚያ ዘመን ስለ አንድ ክፍል ጸጥታ ማውራት ራሱ ቅንጦት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ አልቆይም።

የበለጠ የሚገርመኝ የኋላው የሬዲዮ ትምህርት ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ፣ በትግራይ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በትግርኛ መማር ጀመሩ። እንግሊዝኛ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ የሚያስተምሩት መምህራን አብዛኞቹ ቋንቋውን ራሳቸው ደፍረው የማይናገሩት ናቸው። በዚህ ጊዜ «መስተጋብራዊ» የተባለው የሬዲዮ ትምህርት መጣ። ስልቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1974 በኒካራጓ ነው፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ለገጠር ልጆች ሂሳብ በሬዲዮ ለማስተማር ሲሞክሩ ያገኙት ዘዴ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሬዲዮው ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሦስት አራት ሴኮንድ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ሬዲዮው የሰማቸው ይመስል «ጎበዞች!» ይላል። ይዘፍናል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ ተነሡ ሲላቸው ይነሣሉ።

ያቺን የሦስት ሴኮንድ ዝምታ የሠሩ ሰዎች ትልቅ ነገር ተረድተው ነበር ብዬ አምናለሁ። የልጅ አእምሮ ፋታ እንደሚፈልግ አውቀው ፋታውን በቴፕ ላይ ቀርጸው ላኩለት። እርግጥ ፋታው የተሰላው ለአማካይ ልጅ ነው፤ ዘገም የሚለው ልጅ መልሱን ሲያገኝ ሬዲዮው «ጎበዝ» ብሎ አልፏል። ቢሆንም የመሣሪያው ሠሪዎች ክፍሉን በሐሳባቸው አይተውት ነበር። መምህሯ ደግሞ ሥራ ነበራት። በክፍሉ እየተዘዋወረች ታሳያለች፣ ትጠቁማለች፣ ከሬዲዮው ጋር እኩል እንግሊዝኛውን ትማራለች። ይህ የመጨረሻው ነገር በየትኛውም ዕቅድ ላይ በጉልህ ሲጻፍ አላየሁም፤ ለእኔ ግን የሬዲዮው ትልቁ ውለታ ይህ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፕላዝማ ልምጣ።

መንግሥት ለምን እንዳመጣው መረዳት አያስቸግርም። በ1990ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ በዲግሪ የሠለጠነ መምህር ግን በዚያው ልክ አልተገኘም። ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የአዲስ አበባ ልጅና የገጠር ወረዳ ልጅ የሚቀርቡት ለአንድ ፈተና ሆኖ የሚማሩት ግን እኩል አልነበረም። ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሰናዱ ትምህርቶች በሳተላይት በቀጥታ ወደየክፍሉ እንዲወርዱ ተደረገ። በየጣሪያው ሳሕን ተተከለ፤ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ ስክሪን ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ተሰቀለ። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ሥነ ዜጋ ከሰማይ ይመጡ ጀመር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ ከፊትና ከኋላ የተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች የመምህሩ ናቸው።

ፍትሕ ላለማጓደል የሰጠኝን ልናገር። የሰው ልብ ደም ሲረጭ መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ስክሪን ነው። ሴል ለሁለት ሲከፈል፣ እሳተ ገሞራ ሲተፋ፣ አሲድ ከብረት ጋር ሲገናኝ አይቻለሁ። ትምህርት ቤታችን የነበረው ማይክሮስኮፕ ለ70 ልጅ አንድ ሲሆን እርሱም በቁም ሣጥን ተቆልፎበት ይኖር ነበር። ከሐድነት፣ ከዓዲ ሐቂ፣ ከዓይደር የመጣን ልጆች ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር በአንድ ደቂቃ አንድ ሥዕል እናያለን የሚለው ሐሳብ ራሱ ኩራት ነበረው። ይህን የሚክድ ከእኔ ዘመን ሰው ካለ ረስቶት ነው።

ችግሩ ቋንቋው ላይ ጀመረ። ስምንት ዓመት «ዋህዮ» ሲባል የኖረውን ነገር አንድ ክረምት አልፎ በመስከረም «ሴል» ብሎ የሚናገር ሰው መጣ፤ የሚናገረውም እኛ ከመምህሮቻችን በማናውቀው ቅላጼና ፍጥነት ነው። አንዱን ቃል ለማወቅ ስትታገል አሥር ቃል ያልፍሃል። ስክሪኑ ጥያቄ ያቀርብና የሠላሳ ሴኮንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ቁጥሩ በስክሪኑ ጥግ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሠላሳው ሴኮንድ ጥያቄውን ለመረዳት አይበቃም፤ መልሱ ግን ይመጣል። ደብተሬን ዛሬ ብገልጠው ግማሽ ላይ የተቆረጡ ዓረፍተ ነገሮች እንደሚሞሉት አውቃለሁ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ስገለብጥ ጠፋ፤ የቀረው ባዶ መስመር ነው።

ይህ ሁሉ ሊታገሡት የሚቻል ነበር፣ መምህሩ «ቆይ» ማለት ቢችል ኖሮ። አይችልም። ሥርጭቱ ቀጥታ ነው። የብረት ሣጥኑ ቁልፍ በመምህሩ ኪስ ነው፤ የትምህርቱ ፍጥነት ግን በሳተላይቱ እጅ ነው። ማብራትና ማጥፋት ይችላል፤ ማቆም አይችልም። ቢያጠፋው ትምህርቱ ከስክሪኑ በስተኋላ ይሄዳል፤ ነገ የሚመጣው ክፍል ዛሬ ያለፈውን እንደ ታወቀ ቆጥሮ ይጀምራል። መብራት በጠፋ ቀንም እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሲታደል ከእኛ በኋላ የመጡት ልጆች ከጨለመ ስክሪን ፊት ሲቀመጡ ትምህርቱ በሰማይ ያልፍ ነበር።

በየኔታ ደጅ የተማሪው የነበረው፣ በደወሉ ዘመን የመምህሩ የነበረው፣ በሬዲዮው ውስጥ ሦስት ሴኮንድ ሆኖ የተረፈው ፋታ በዚህ ጊዜ ከክፍሉ ፈጽሞ ወጣ። የመምህራኑ ቅሬታም በዚህ ላይ ነበር። ከእነርሱ አንዱ በእረፍት ሰዓት ለባልደረባቸው «እኔ እኮ ማብሪያ ማጥፊያ ነኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስንቀልድባቸው የነበርነው እኛው ነን፤ «ቲቸር፣ ድምፁን ይጨምሩልን» እያልን። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው የድምፅ ማስተካከያ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ለማሰብ ዕድሜያችን አልፈቀደም።

ይሁንና ሁሉም ማብሪያ ማጥፊያ ሆነው አልቀሩም፤ ለእኔ ከመሣሪያው ታሪክ በላይ የሚነገረው ታሪክ ይህ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ስክሪኑ ከመከፈቱ በፊት በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ላይ አሥር ያህል ቃላት በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ከየቃሉ አጠገብ ትግርኛውን። ሥርጭቱ ሲጀመር በዱላቸው ጫፍ የተነገረውን ቃል እየተከተሉ ይነካሉ፤ አንድ ቃል አይናገሩም። ስክሪኑ ሲዘጋ ወደ እኛ ዞረው «ተረዲኡኩም ዶ?» ይላሉ፤ ገብቷችኋል ወይ ማለታቸው ነው። መልስ ሳይጠብቁ ዋናውን ነገር በትግርኛ በአምስት ደቂቃ ይነግሩናል። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና ይህ ከደንብ ውጭ ነበር። የሂሳብ መምህራችን ደግሞ ሌላ መላ ነበራቸው። ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ምሳሌ ከመማሪያ መጽሐፉ ቀድመው ገምተው በዋዜማው ራሳቸው ይሠሩልናል፤ ፕላዝማው ሲመጣ ለእኛ ክለሳ ሆኖ ይጠብቀናል። ፕላዝማውን ራሱን ረዳት መምህር አደረጉት ማለት ነው። ያንን ብልሃት ያስተማራቸው ሥልጠና እንደ ነበር አላውቅም፤ ከክፍሉ ፊት በየቀኑ ከመቆም የመጣ ይመስለኛል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ እንዳልነበር የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ሳነብ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ባለችው የአሜሪካ ሳሞኣ ገዥው ሬክስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1964 የደሴቶቹን ትምህርት ቤቶች በቴሌቪዥን ላይ አቆሙ። ምክንያታቸው ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ብቁ መምህር የለም፣ እንግሊዝኛው ደካማ ነው። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ በተለይ ከፍ ባሉት ክፍሎች ያሉ ተማሪዎችና መምህራን ሰለቹት፤ ቴሌቪዥኑም ወደ ረዳትነት ዝቅ አለ። ኮት ዲቯር እ.ኤ.አ. በ1971 የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ማስተማር ጀምራ በ1982 አቆመች። በእኛ አገር ስክሪኖቹ ሲሰቀሉ ይህ ታሪክ ታትሞ፣ ተጠንቶ፣ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማን እንዳነበበው እንጃ።

ኮምፒዩተሩን በአጭሩ ላልፈው። መቀሌ በዚህ ረገድ ከብዙ የክልል ከተሞች የተሻለ ዕድል ነበራት። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ሁለቱ ኮሌጆች ተዋህደው መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ጥቂት ቆይቶ የትግራይ ልማት ማኅበር የመቀሌ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ኮምፒዩተር ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ ጫማ አውልቀን የምንገባበት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ዕቃ ሆነ። ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ስለ ኮምፒዩተር ተማርንበት እንጂ ታሪክ ወይም ኬሚስትሪ ልንማርበት አንድ ቀን ከዚያ ክፍል አልወጣም። ከፕላዝማ የሚለየው ይህ ነው፤ ፕላዝማ ክፍሉን ወረሰው፣ ኮምፒዩተሩ ክፍሉን ሳይረግጠው ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ደከሙ። መለዋወጫ ጠፋ፤ አንዳንዱ ሣጥን የጠመኔና የዳስተር ማስቀመጫ ሆነ። ከዚያም መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ተሞከረ። የሌላው አገር ልጅ ከወራት በኋላ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የትግራይ ልጅ አልተመለሰም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጀመረ።

የመቀሌ ትምህርት ቤቶች ጦርነትን ያውቁታል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በዓይደር ትምህርት ቤት ላይ ከኤርትራ አውሮፕላኖች የወረደው ቦምብ የገደላቸው ሕፃናት ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማይርቁ ነበሩ። የ2013ቱ ግን ሌላ ነው፤ ክፍሎቹ ራሳቸው ቤት ሆኑ። ከምዕራብና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በዴስኮቹ መካከል ኖሩ፤ በጥቁር ሰሌዳው ሥር እሳት ነደደ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ባንክ የለም፤ መብራትም ያለው ሲገኝ ብቻ ነው። መምህራን ለረጅም ወራት ያለ ደመወዝ ኖሩ። ከሰማይ ይመጣ የነበረ ትምህርት ሁሉ ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈረመና በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ክፍሎች መከፈት ሲጀምሩ ለአብዛኛው ልጅ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎት ነበር። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሆኖ የተበተነው ልጅ የስድስተኛ ክፍል ቁመት ይዞ ወደ አራተኛ ክፍል ተመለሰ። ዕድሜውና ዕውቀቱ የተለያየ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ ሲታይ የየኔታን ደጅ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ፣ ደወሉ አሁንም መደወሉ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። የትግራይ ተማሪዎች ደግሞ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ነበር ለዓመታት የናፈቁትን ፈተና በወረቀት የተቀመጡት። የቴክኖሎጂ ጥያቄ እንደ ገና በራችን ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን መሣሪያው በጣሪያ ላይ ሳይሆን በየኪሱ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መቀሌ በሄድኩ ጊዜ አንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ሲያስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ገና ተፈናቃዮችን እንዳስጠለሉ ነበሩ፤ የእርሱ ክፍል ግን ተለቅቋል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ ከፍላሽ ላይ አንድ የድሮ የፕላዝማ ትምህርት ከፈተ። ድምፁን አወቅሁት፤ ያው ቅላጼ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው በጥግ ላይ የሚቆጥር ሰዓት። ወዳጄ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጣቱን ጫን አድርጎ አቆመው። በትግርኛ አስረዳ፤ በጠመኔ ሣለ፤ ሁለት ልጆች ጠየቁ፣ አንዷ ልጅ ለሌላዋ መለሰች። ከዚያ እንደ ገና ከፈተው፤ እንደ ገና አቆመው። ሠላሳ ሴኮንዱ መቁጠር ሲጀምር ቁጥሩን 22 ላይ አስቁሞ በዴስኮቹ መካከል እየዞረ የየልጁን ደብተር አየ።

ከክፍሉ ስንወጣ ትምህርቱን ለመጨረስ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚፈጅበት ጠየቅሁት። ሦስት አለኝ። በዓመቱ ዕቅድ ላይ የተሰጠው አንድ ነው።